ልብ ወለድ ነው ብዬ የመለስኩላቸው ሴት

መጽሐፌ ሊታተም ነው! ይህን ዐረፍተ ነገር ከትናንት ጀምሮ ስንቴ እንደጻፍኩትና እንደሰረዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የሰረዝኩት ስህተት ኖሮበት አይደለም፤ እንደገና ልጽፈው ብዬ ነው። አሳታሚው ሲደውሉልኝ ቦኖ ላይ ውኃ ልቀዳ ተሰልፌ ነበር። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ጀሪካኔን ጥዬ ቁልቁል ሮጥኩ። ጎረቤታችን አይተውኝ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» ብለው ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ደርሰው ነበር።

«ኧረ ማንም አልሞተም! መጽሐፌ ሊወጣ ነው!»

«ታዲያ ለዚህ ነው ሰው የምታስደነግጪው?» አሉና እልል አሉልኝ።

አሳታሚው ከመሰናበታቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ሲወጣ የሚከፋው አንባቢ አይጠፋም። ተቆጥቶ ሲጽፍልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እሱን ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ተምሬዋለሁ» አልኳቸው።

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት ሁለት ፖሊሶችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። ሲቪል የለበሰው ስሜን ጠርቶ «ስልክሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ። ደብተሬን ለጓደኛዬ ልሰጥ ስል «እሱንም» አለ። ጓደኞቼ ካርታ እንደሚያዩ ሁሉ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ከላሊበላ ወጥተን ብዙ ተጓዝን። የደረስንበትን ከተማ ስም ልተወው።

የመጋዘኑ በር ቆርቆሮ ነው። ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር የማዳበሪያ ሽታ። ከረጢቶቹ ወጥተው ሴቶች ገብተውበታል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ቀርተዋል። መስኮት የለም፤ ብርሃን የሚገባው ጣሪያው ሥር በተቀደደ ቆርቆሮ በኩል ብቻ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ» አልኩ፣ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ሳላውቅ።

«እግዜር ይመስገን። ውይ! ተማሪ ናት፤ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም» አለ ከጥግ አንድ የሴት ድምፅ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከጓደኞቼ ጋር እየደጋገምን ሰምተነዋል። እየሳቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቴሌግራም ቻናሌ ላይ በየቅዳሜው አንድ ምዕራፍ ልብ ወለድ እለቅ ነበር። በአምስተኛው ምዕራፍ ጋሸና መገንጠያው ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት የሾፌሮችን ወሬ እየሰማች ጫካ ላሉ ታጣቂዎች ታቀብላለች። ወሬ ማቀበሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋን ግን አልፈጠርኳትም። ከአባቴ ጋር ወደ ኮን ስንሄድ፣ ጋሸና ላይ መኪና እስክናገኝ ሻይ ጠጥተን ነበር። የቀዱልን ሴት ቢጫ ጃንጥላ ነበራቸው፤ ግራ እጃቸው ላይ ደግሞ የእሳት ጠባሳ። ደስ አሉኝና ወሰድኳቸው። ሰው መውሰድ እንዲህ ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ምዕራፉ በወጣ በሦስተኛው ቀን የድምፅ መልእክት ደረሰኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም። ጋሸና ላይ ቢጫ ጃንጥላ ዘርግታ ሻይ የምትሸጥ፣ እጇ የተቃጠለ፣ ከእኔ በቀር የለችም። የማንንም ወሬ ለማንም አቀብዬ አላውቅም። እባክሽ፣ ወይ ጃንጥላውን አንሺልኝ፣ ወይ ወሬውን አንሺልኝ።»

ደራሲ ለተቆጣ አንባቢ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። «ልብ ወለድ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው። ከጎኑ ያንን እንባው እስኪፈስ የሚስቀውን ቢጫ ፊት ሦስት ጊዜ ደረደርኩ። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ድምፃቸውን እንዳለ ቻናሌ ላይ ለጠፍኩት፦ «ገፀ ባሕርዬ ነፍስ ዘርታ ድምፅ ላከችልኝ!» ብዬ። ልቦች ዘነቡልኝ። እኔም ያን ቀን ደራሲ የሆንኩ መሰለኝ።

ፖሊሶቹ ጽሑፉን ብቻ ቢያነቡ ምናልባት ማንም አይፈልጋቸውም ነበር። በድምፃቸው ነው የያዟቸው። ድምፃቸውን አደባባይ ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ባለ ጃንጥላዋ ማን እንደሆንኩ አላወቁም። «ነይ፣ እዚህ ይሻላል፤ በሩ ጋ ንፋስ አለ» ብለው ጋቢያቸውን አጋሩኝ። ከፌስታል ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። ፌስታሉን በያዘው ግራ እጃቸው ላይ ያን ጠባሳ አየሁት።

አጠገባችን አንዲት እማሆይ ተቀምጠዋል። ለምን እንደታሰሩ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቤቴ መንገድ ዳር ነው።» ከወለሉ ነጭ ፍሬ በጥፍራቸው እያወጡ «ዝናብ ቢገባ እኮ እኛም እንበቅል ነበር» አሉ። ሳቅን።

«አንቺስ ምን አድርገሽ ነው?» አሉኝ ባለ ጃንጥላዋ።

«አላውቅም» አልኩ።

ያን ቀን የዋሸሁት ይህን ብቻ ነው፤ ግን ትልቅ ነበር።

እሳቸው የራሳቸውን አወሩኝ። «አንዲት ጸሐፊ ነኝ ባይ በስልክ ጻፈችብኝ። ለመንኳት፣ ሳቀችብኝ። ከዚያ መርማሪው ጠርቶ የገዛ ድምፄን አሰማኝ። ራስሽ አምነሻል፣ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ ብለሻል፣ አለኝ። ነገ ጠዋት ወደ ዞን ይወስዱኛል። እዚያ ከሄድኩ መቼ እንደምመለስ ማን ያውቃል? ልጄ ጎረቤት ቤት ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

አሥር ሰዓት ገደማ ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ የደከመው ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ስልኬ፣ ደብተሬና አንድ የተጻፈበት ወረቀት አለ።

«አባትሽ ውጭ ናቸው» አለኝ። «ይህን ፈርሚና ይዘውሽ ይሂዱ።»

አነበብኩት። በታሪኩ ውስጥ ያለችው ሴት እኚህ ታሳሪ ናቸው፣ ወሬ ሲያቀብሉም በዓይኔ አይቼ ነው የጻፍኩት፣ ይላል።

«ይህን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ያንቺው ታሪክ ነው እኮ። ምዕራፍ አምስት።»

«እዚያ ላይ ፈጥሬ ነው። እዚህ ከፈረምኩ ግን አየሁ ማለቴ ነው። አላየሁም።»

«ደራሲ አይደለሽ?» አለና ፈገግ አለ። «አንድ ምዕራፍ ጨመርሽ ማለት ነው፤ ምን ይከብድሻል?»

በመስኮቱ አባቴን አየኋቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ስንቅ በያዘ አገልግል አጠገብ ቆመዋል። ሮጬ ብወጣ ደስታዬ ነበር። አልዋሽም፤ እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄዷል።

«ባዶ ወረቀት ይስጡኝ» አልኩ።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩ፦ ጃንጥላውና ጠባሳው የእሳቸው ነው። ወሬ ማቀበሉ ከራሴ ጭንቅላት የወጣ ነው፤ አላየሁም፣ ከማንም አልሰማሁም። ሲቆጡኝ ማረም ሲገባኝ ድምፃቸውን አውጥቼ አላገጥኩባቸው። ከዚህ ሥር ስሜን ሙሉውን፣ እስከ አያቴ ድረስ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ዛሬ እዚሁ ታድሪያለሽ ማለት ነው።»

«እሺ» አልኩ።

ስመለስ ባለ ጃንጥላዋ ቀና አሉ። «ምነው ተመለስሽ? አባቷ መጥተዋል፣ ትፈታለች ሲባል ሰምተን ነበር።»

አልተቀመጥኩም።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው ሲመሽ ለቅኔ ነገራ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ በተራው ለመምህሩ ይነግራል። አባቴ ያርማሉ፤ አንዳንዴ ከሥሩ ያፈርሱታል። ተማሪው ታዲያ «እኔ ለማለት የፈለግኩት እኮ» አይልም። ይሰማል። የሚመልሰው በሚቀጥለው ቅኔው ነው። በግድግዳ በኩል ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቻናል የከፈትኩ ቀን ግን ከቤታችን የወጣሁ ያህል ረሳሁት።

«እትዬ» አልኩ። «ያቺ ጸሐፊ እኔ ነኝ።»

ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። እማሆይም መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉት።

«አንቺ? ያቺ የሳቀችው?»

«አዎ።»

«ያንን ቢጫ ፊት፣ እንባው እስኪፈስ የሚስቀውን፣ አንቺ ነሽ የላክሽልኝ? ልጄ ናት እኮ ያነበበችልኝ። እማ፣ ምን ያስቃታል? አለችኝ። ምን ልበላት?»

ቆሜ ሰማሁ።

«ስድስት ዓመት እዚያ መገንጠያ ላይ ቆሜያለሁ። ሾፌሩ ከሚስቱ ሲጣላ ለእኔ ያወራል። ነጋዴው ሲከስር ለእኔ ያወራል። አንዲት ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ሻይ የትም አለ፤ ሰው እኔ ጋ የሚቆመው አፌን አምኖ ነው። አንቺ እሱን ነው የወሰድሽብኝ። ጃንጥላውንማ ብትፈልጊ እሰጥሽ ነበር።»

ዕንባዬን በዩኒፎርሜ እጅጌ ጠረግኩ።

«ደሞስ ለምን ፈሪ አደረግሽኝ? ብርጭቆ ስትሰጥ እጇ ይንቀጠቀጣል ትያለሽ። የጋሸና ንፋስ ጃንጥላዬን ሲነጥቀኝ እንኳ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም!»

እዚህ ላይ አፌ ሊከፈት ደርሶ ነበር። እጇ የሚንቀጠቀጠው ውስጧን ለማሳየት ነው፣ የአጻጻፍ ስልት ነው፣ ልላቸው። ከዚያ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት መርማሪው ፊት የተንቀጠቀጠው የማን እጅ እንደነበር ትዝ አለኝ። የራሴን ፍርሃት ነው እሳቸው ላይ የለጠፍኩት።

ብዙ ተናገሩ። ሲደክማቸው «ጨረስኩ» አሉ። ቆይተውም «ምነው፣ መልስ የለሽም?» አሉኝ።

«ቤታችን ሲታረሙ አይመልሱም።»

«ማን ነው ያሳደገሽ?»

«መሪጌታ ናቸው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ስልክሽን ማን አሳደገው?»

እማሆይ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን የጋቢያቸውን ጫፍ ገለጥ አድርገው «ነይ፣ ወለሉ ይበርዳል» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ያን ጊዜ ነገርኳቸው። «እንደዚያ ብለሽ ነው የቀረሽው?» አሉና ቆሎውን መልሰው ወደ እኔ ገፉት።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው መጣ። ሁለት ስም ተጠራ። የእሳቸው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሁለታችንንም አንድ ላይ ለቀቁን። የእኔ ወረቀት ይሁን የሌላ ሰው ምልጃ፣ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። አባቴ በር ላይ ባለ ጃንጥላዋን እጅ ነሥተው ሰላም አሏቸው። «ልጅዎ ቆማ መስማት ትችላለች» አሏቸው እሳቸው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ስለ እኔ ከተባለው ሁሉ ይህን ነው ለሰው የሚደግሙት።

ከዚያ በኋላ የሚቆጣ አንባቢ ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አላመንኩም። አንድ የብልባላ ሰው በታሪኬ ውስጥ የሚሰርቅ ዲያቆን መኖሩ አናድዷቸው ረጅም ደብዳቤ ላኩልኝ። ሦስት ቀን አልመለስኩም፤ ሦስቱንም ቀን ግን አነበብኩት። ማን ይጎዳል? የማንን መልክ ወስጃለሁ? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። የማንንም አልወሰድኩም። ዲያቆኑን እንዳለ እንደምተወው፣ ለምን እንደሆነም በአክብሮት ጻፍኩላቸው። «እሺ፤ ግን አልወደድኩትም» አሉኝ። አለመውደድ መብታቸው ነው። የሚያምም ሁሉ ስህተት አይደለም፤ ስህተት የሆነውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረኝ ያመመው ሰው ነው።

አምስተኛውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ወሬ አቀባይዋ አሁንም አለች፤ የማንም ምልክት የለባትም፣ እጇም አይንቀጠቀጥም። ደግሞም ከበፊቱ ትበልጣለች! የመጋዘኑን ትዝታም ቀደም ብዬ፣ ከማንም በፊት፣ ጋሸና ሄጄ ለእሳቸው አነበብኩላቸው። ጃንጥላውን ከነቀለሙ የጻፍኩት ፈቅደውልኝ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር አስወጥተውኛል፤ የቱ እንደሆነ አልናገርም።

መጽሐፉ እንደሚታተም ትናንት ስደውልላቸው እልልታ አልሰጡኝም። «የከፋው ካለ ለእኔ ይንገረኝ፤ ለሚያነቡት ሰዎች ንገሪልኝ» ነው ያሉኝ። እነሆ፣ ተናገርኩ፦ መጽሐፉን አንብባችሁ የከፋችሁ፣ ራሳችሁን ያገኛችሁበት፣ ወይም ዝም ብላችሁ ያልወደዳችሁት፣ በጋሸና ስታልፉ ቆማችሁ ሻይ ጠጡ፤ ያላችሁንም ለእሳቸው ንገሯቸው። የተባለውን ሁሉ ሳያስቀሩ ይነግሩኛል። ማን እንዳለው ግን ብሞት አይነግሩኝም።