ዳሽቦርዱን የበላው ሽቶ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ትልቁ ልጄ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ሲሰድብ አገኘሁት። በስልክ አዝዞ ያስመጣው የወንበር ልብስ ቀለሙን ለቅቆ ወንበሩን አበላሽቶበታል። ለሻጩ ቢደውልለት ቁጥሩን ዘግቶበታል።

«ሰውየውን በዓይንህ አይተኸዋል?» አልኩት።

«አላየሁትም።»

«ስሙንስ ታውቃለህ?»

«አባዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ ያለሁት?»

ወደ ቤት ገባሁ። ልጆቼ ነገር የማበዛ አባት ነኝ ይላሉ፤ አልተሳሳቱም። የዚያን ቀን ግን የጠየቅኩት ለተግሣጽ አልነበረም። የወጣትነቴ አንድ ጉዳይ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ገና አላገባሁም። የጋሼ ኪሮስን ሚኒባስ ከሰቆጣ ቆላ ወዳለችው ኒሯቅ እያመላለስኩ እነዳ ነበር። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ የሱቅ ማስታወቂያና የመኪና ላይ ጽሑፍ እያነበብኩ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝና፣ መሪ መጨበጤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ጋሼ ኪሮስ ቁልፉን ሲሰጡኝ «እንደተቀበልካት አስገባት። ከተጎዳች ቁልፌን ትመልሳለህ» ብለውኛል። ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ።

በዚያ መንገድ የሚሳፈረው ሰው ብቻ አይደለም። ፍየል አለ፣ ያልለፋ ቆዳ አለ፣ ክዳኑ የላላ የማር ጀሪካን አለ። ቆላው ሲቃረብ ሙቀቱ ሁሉንም አንድ ሽታ ያደርገዋል። እኔም መኪናዬ ደስ እንድትል ብዬ ከለተብርሃን ሱቅ የመኪና ሽቶ ገዛሁ። ለተብርሃን ዓረብ አገር ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ሱቅ የከፈተች የእኔ እኩያ ናት። ሽቶው ዘውድ በመሰለ ጠርሙስ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ውሃ ነው። ላዩ ላይ በባዕድ ፊደል የተጻፈውን እኔም እሷም ማንበብ አንችልም። ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። ኒሯቅ ደርሼ፣ ጥላ በሌለበት መናኸሪያ መኪናዋን አቁሜ፣ የማሽላ እንጀራ በሽሮ በልቼ ስመለስ ጠርሙሱ አንጠባጥቧል። በጨርቅ ብጠርገው የዳሽቦርዱ ቆዳ እንደ ተላጠ ድንች ከጨርቁ ጋር ተነሣ። ከሥሩ የቀረው እንደ ታኘከ ማስቲካ ይለጠፋል።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ኪሮስ አይተው ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄ የሲጋራ እሳት ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ሲጋራ በአፌ አልዞረም። ሽቶው ነው።»

«ሽቶ ፕላስቲክ ሲበላ የት አይተሃል? ዛሬ ማታ ቁልፌን አምጣ።»

ከሥራው ይልቅ ያንገበገበኝ ውሸታም መባሌ ነው። ወደ ለተብርሃን ሮጥኩ። የገበያ ቀን ነበርና ከሱቋ በር ላይ ሰው ይጋፋል። እንድትከፍለኝ ሳይሆን ጋሼ ኪሮስ ዘንድ ሄዳ እንድትመሰክርልኝ ለመንኳት። ወስጄም ዳሽቦርዱን አሳየኋት። በጣቷ ነካ አድርጋ ደነገጠች፤ ጣቷ ተለጥፎ ነበር። ቢሆንም፦

«ተወኝ» አለች። «ይሄ ከተሰማ የሸጥኩለት ሁሉ ጠርሙሱን ተሸክሞ ይመጣብኛል። ሱቄን ልዝጋልህ?»

ፊቷን አዙራ ልትሄድ ስትል ሳላስበው «በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ቆመች። ዛሬ ላለው ወጣት ይህን ማስረዳት ይከብደኛል። ማንም አልያዛትም፤ ፖሊስም በአካባቢው አልነበረም። ግን ቆመች።

በአገሩ የቀድሞ ደንብ ለዳኝነት መንገደኛም ይበቃ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከሰሃላ ፍየል ነድተው መጥተው በዚያ ሲያልፉ ነበርና ያዝናቸው፤ ነገሩን ነግረን ጠርሙሱን ሰጠናቸው። በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉተመተሙና የጋቢዬን ጫፍ ከለተብርሃን ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። በሽማግሌው የልጅነት ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት።

«አባ፣ ዳኝነት ነው ወይስ ሰርግ?» አለ አንድ ጨው ሻጭ። ገበያው በሳቅ ፈነዳ።

«ሰርግም ቢሆን አንተን የጠራህ የለም» አሉና ወደ እኛ ዞሩ። «ይህ ውሃ ለመኪና ምን ያደርግለታል?»

«ጥሩ እንዲሸት ነው፣ አባ» አልኩ።

«ምን ሸትቶህ?»

«ፍየል።»

«ፍየል ፍየል ቢሸት ነውሩ ምንድን ነው?» ብለው ጠርሙሱን አገላበጡት። ከዚያ ለተብርሃንን ጠየቋት። «እንዲህ እንደሚያደርግ ታውቂ ነበር?»

«በመድኃኔዓለም አላውቅም፣ አባ። እኔም ደሴ ካለ ነጋዴ ነው የገዛሁት።»

«እንግዲህ ሳታውቂ ሸጠሻልና አትከፍዪም። አሁን ግን ዳሽ… ያን ነገር በጣትሽ ነክተሻል። ሄደሽ ያየሽውን ለጌትየው ተናገሪ። የቀረውንም አትሽጪ። ቋጠሮው እዚያ እስክትደርሱ አይፈታ።»

እንደተቋጠርን በገበያው መሐል አለፍን። እልል የሚል አለ፣ ቆሎ የሚበትንብን አለ። እሷ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። እኔን ላበት አጠመቀኝ። (አንባቢ ከጠረጠረ ልንገረው፤ አላገባኋትም።)

ጋሼ ኪሮስ ደጅ ስንደርስ ቀና አለች። «ልጁን እሳት ለኮሰ አይበሉት። የሸጥኩለት እኔ ነኝ። የበላው ሽቶው ነው» አለች።

«ማን አስገድዶሽ መጣሽ?»

«ዳኛ ፈርዶብኝ ነው፣ ጋሼ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።»

ጋሼ ኪሮስ ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት። ለእኔ «ላዩ ላይ ጨርቅ አልብሰውና ሥራህን ቀጥል» አሉኝ። ከእሳቸው ይህ ይቅርታ ነበር።

ለተብርሃን የቀሩትን ጠርሙሶች በካርቶን አድርጋ ደሴ ወሰደቻቸው። ነጋዴው «ከማን እንደገዛሽ እኔ ምን አውቅልሻለሁ» ብሎ አሰናበታት። ካርቶኗን ተሸክማ ተመለሰች። የፈራችውም ደረሰ፤ ጠርሙስ ያልገዛው ሁሉ ሳይቀር ከሱቋ ራቀ። ከዓመት በኋላ ዘግታ ተመልሳ ዓረብ አገር ሄደች። በሽቶው ብቻ ነው አልልም፤ ኪራዩም፣ የዝናቡ መጥፋትም ነበር። በሽቶው አይደለምም አልልም።

ይህን ሁሉ ማታ ለልጄ ስነግረው «ታዲያ አሸነፍክ» አለኝ። አዎ፣ አሸንፌያለሁ። መብታችሁን ጠይቁ ብዬ ልጆቼን ያሳደግኩም ለዚህ ነው፤ ዛሬም ቃሌን አልለውጥም። ነገር ግን ሽቶውን የሠራውን ሰው አላየሁትም፤ ደሴ ያለውንም አላየሁትም። በሕግ አምላክ ስል የቆመችልኝ ከሁሉም ጥፋቷ ያነሰ ለተብርሃን ናት። እሷ ደግሞ ደሴ ድረስ ሄዳ የጠራችው ሰው አልቆመላትም።