የጎደሉት ሁለት ዴስኮች

ሚስማር ይሉታል። አርባ ዓመት ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው፤ ምላሱም እንደ ስሙ ይዋጋል። ስለ ሴት ልጁ ከተነሳ ደግሞ አያድርስ! "ስድስተኛ ክፍልን መሻገር ያቃታት ሰነፍ" ይላታል፣ ሰው ፊት ሳይቀር። ልጅቷ ዛሬ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው የምትኖረው። አንገቷን ደፍታ ትሰማዋለች።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ የድሮ ታሪኩን የሚያሳይ ክፍል ላዘጋጅ ብሎ መደርደሪያ አሠራው። ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር አሮጌ መዝገቦችን እያራገፉ ወሬያቸውን ይጠርቃሉ፤ መጀመሪያ ዛፍ ሥር፣ ቀጥሎ በአንዲት ክፍል፣ ኋላም በፈረቃ ስለተማረው ትውልድ። ሚስማር ልጁ የተፈተነችበትን ዓመት አየና መዝገቡን ገለጠ። ከመቶ አርባ አራተኛው ስም ሥር ቀይ መስመር ተሰምሯል። ልጁ መቶ አርባ ሰባተኛ ናት፤ ውጤቷ ሰባ አንድ።

"ጋሼ፣ ሰባ አንድ አምጥታ እንዴት ወደቀች?"

"ማን ወደቀች አለህ? ያኔ ሰባተኛ ክፍል የሚገባው በዴስክ ልክ ነበር እኮ፤ በአንዱ ሦስት ልጅ። ሃምሳ አዘን አርባ ስምንት አስረከብከን፤ እኛም እዚያው ላይ አሰመርን። የቀሩትን 'ወድቃችኋል' አልናቸው። እንደገና መፈተን የሚባል ነገር ያኔ የለ! ምን እናድርግ?"

ሚስማር ክው አለ። ሁለት ዴስክ! ትዝ አለው፤ ምነው ባላለው ኖሮ። እንጨቱ ተልጎ ተቆርጦ አልቆ ነበር። እሱ ግን ሦስት ቀን ካርታ ሲጫወት ሰነበተና "ሁለት ዴስክ ምን ያጎድላል?" ብሎ ተወው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መምህራኑ ሁሉ የሚያውቁትን እሱ ሠላሳ ዓመት አልሰማም።

በቀጥታ ልጁ ቤት ሄደ። ሳይቀመጥ ሁሉንም ዘረገፈው። "አልወደቅሽም ልጄ። ቦታሽን ያሳጣሁሽ እኔው ነኝ።"

እንድትጮህበት ጠበቀ። እሷ ግን የስፌት መኪናውን አቆመች።

"ሰባ አንድ?"

"ሰባ አንድ።"

"አባዬ" አለች፣ "ልጄ የቤት ሥራ አሳዪኝ ባለችኝ ቁጥር 'እናትሽ ደንቆሮ ናት፣ ሌላ ሰው ጠይቂ' እያልኩ እኮ ነው ያሳደግኳት።"