ሁለተኛ ሳልጠየቅ

የቀናሁት በእንግሊዝኛዋ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ግን እንግሊዝኛዋ የሚያስቀና አልነበረም። ያለፈውን ጊዜ ከሚመጣው ትቀላቅላለች፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ ታደርጋለች፣ ቃል ሲያጥራት ካሜራው ፊት እጇን እያወራጨች ትጨርሰዋለች። ይህን ሁሉ እያደረገች አለማፈሯ ነው ያስቀናኝ።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሥራዬ ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ። እሷ ተክለ ሃይማኖት ባለው የአባቷ የጨርቅ ሱቅ ትሠራለች። ሁለታችንም አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት በሚሰጠው የትምህርት ዘርፍ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገብን። ቤታችን ውስጥ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ስንወጣ ሰንጋ ተራ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ኮምፒውተር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን እንማር ነበር። ከውጭ ኮንዶሚኒየም የሚሠሩት ሰዎች ሲቀጠቅጡ ይሰማል። ከክፍሉ ተማሪዎች ኢትዮጵያውያን እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ሌሎቹ የናይሮቢ፣ የካምፓላና የአክራ ሰዎች ናቸው።

አስተማሪያችን፣ ሩቅ አገር ያሉ ጠና ያሉ ሴት፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ነገሩን። ዓመቱ ሲያልቅ ከመካከላችን አንድ ሰው ይመረጥና ለሚቀጥሉት አዲስ ገቢ ተማሪዎች ረዳት አስተማሪ ይሆናል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። መዝገብ ቤት ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ማስተማርን ነበር፤ ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ሰፈሬ እንኳ ገና ሳልመረጥ «መምህር» እያለ ሲጠራኝ በሐሳቤ ይሰማኝ ነበር።

ችግሩ አፌ ነው። አስተማሪያችን ጥያቄ ሲጠይቁ እኔ ጥያቄውን ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፣ መልሱን በአማርኛ አስባለሁ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እያሻገርኩ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ መዝገበ ቃላት አገላብጣለሁ። ማይኩን ልከፍት ስል ክፍሉ ሌላ ጥያቄ ላይ ደርሷል። በዚያ ላይ እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። እናቴን የሚያህሉትን ሴት «አንቺ» እያልኩ የማዋራ ስለሚመስለኝ፣ በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «የተከበሩ መምህር» እጨምራለሁ። የተከበሩ መምህር ብዬ ሳልጨርስ መስመሩ ይቋረጣል።

እሷ ግን ጥያቄው ሳያልቅ ማይኳን ትከፍታለች። የጀመረችውን ታፈርሳለች፣ እንደገና ትጀምራለች፣ «ይቅርታ፣ ቃሉ ጠፋኝ፣ ምን ትሉታላችሁ?» ብላ የአክራውን ሰውዬ ትጠይቃለች፣ እሱም ያቀብላታል። አንድ ሰሞን ስህተቶቿን በደብተሬ ጀርባ መመዝገብ ጀመርኩ። ይህን አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፣ ያኔ ግን አላፈርኩም፤ አንድ ገጽ ሙሉ ሰበሰብኩ። ከሃያ ሰው አንድም የሚስቅባት አለመኖሩ አንጀቴን ያቃጥለኝ ነበር።

እንዴት እንደማታፍር አንድ ቀን ጠየቅኋት። ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት አለችኝ። ከአባቷ ጋር በስልጥኛ፣ ከደንበኛ ጋር በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ጨርቅ ከሚያመጣው ነጋዴ ጋር በተሰባበረ ዐረብኛ ስታወራ ነው የኖረችው። ገዢ ዓረፍተ ነገሬን እስካስተካክል ቆሞ አይጠብቀኝም፣ ጎረቤት ሱቅ ይገባል አለች። እኔ ሁለት ቋንቋ ብቻ ነው ያለኝ፤ በሁለቱም እጠነቀቃለሁ። በዚህም ቀናሁባት።

አንድ የምበልጣት ነገር ጽሑፍ ነበር። በጽሑፍ ጊዜ አለኝ፤ አሥር ጊዜ እሰርዛለሁ፣ አሥር ጊዜ እጽፋለሁ። በዓመቱ መጨረሻ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ አስተማሪያችን ስሜን ጠሩ። ጽሑፎቼን ዓመቱን ሙሉ ሲያነቡ እንደቆዩ፣ ሐሳብ አደራጅቶ ለሌላ ሰው በማስረዳት ከክፍሉ የሚስተካከለኝ እንደሌለ ተናገሩና፣ ረዳት አስተማሪነቱን ትቀበላለህ ወይ አሉኝ።

ዓመቱን ሙሉ እምቢ ያለኝ የጠራ እንግሊዝኛ ያን ዕለት ያለ መዝገበ ቃላት መጣልኝ። ስለተሰጠኝ ክብር አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን እኔ ለዚህ የበቃሁ ሰው አይደለሁም፣ ከእኔ የተሻሉ አሉ አልኩ። መስመሩ እንኳ አልተቋረጠም። ከዚያ ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ።

ምን እንደጠበቅሁ ላገሬ ሰው አስረዳለሁ ብዬ አልደክምም። ሰው ቤት ሄዶ በመጀመሪያው «ብላ» እጁን የሚሰድ ልጅ እናቴ አላሳደገችም። መጀመሪያ ጠግቤያለሁ ይባላል፤ ባለቤቱ በሞቴ ይላል፤ ኧረ በቃኝ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆረሰው። ሹመትም እንዲሁ ነው። አልበቃም ያላለ ሰው ስግብግብ ነው።

አስተማሪያችን ግልጽነቴን እንደሚያከብሩ ነገሩኝ። ከዚያ እሷን ጠየቋት። «እፈልጋለሁ፣ መቼ ልጀምር?» አለች። በዚያች አጭር መልስ ውስጥ ሁለት ስህተት ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ታክሲ ስንጠብቅ ወደ እኔ ዞር አለችና፣ ሥራውን ፈልጌው እንደነበር ጠየቀችኝ። ኧረ የለም፣ አንቺ ያዢው፣ ላንቺ ነው የሚሆነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት፣ ትቀጥላለች ብዬ። ታክሲው መጣና ገባች።

ሁለተኛው ዓመት የቅናት ዓመት ነበር። ያችው ኮምፒውተር ቤት ውስጥ እሷ ታስተምራለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የራሴን ትምህርት እከታተላለሁ። ማዳመጫዬን ብጭንም ድምፅዋ ይሰማኛል። ተማሪዎቿ «መምህር» ሲሏት አንገቴ ይግላል። መሥሪያ ቤት ደግሞ የተመረጥኩት እኔ እንደነበርኩና ለእሷ እንደለቀቅሁላት ለሁሉም አወራሁ። አንዳንዴ ለተማሪዎቿ የምትልከውን ማስታወሻ አርምልኝ ትለኛለች። አንድም ሳላስቀር አርምላታለሁ፤ በቀይ።

አንድ ቀን ትምህርቷ ከመጀመሩ በፊት ለብቻችን ተቀምጠን ሳለ ሆዴ ውስጥ የከረመው ወጣ። ሴትዮዋ አንዴ ደግመው ቢጠይቁኝ ኖሮ እዚህ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ አልኳት። ፈረንጅ የእኛን ወግ ከየት ያውቀዋል ብዬም ጨመርኩበት።

የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«ጠርጥረው ነበር» አለች። «በማግስቱ ኢሜይል ጻፉልኝ። ባገራችሁ ሰው በትሕትና እምቢ ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እስቲ አንቺ ጠይቂውና ከፈለገ ለእሱ እሰጠዋለሁ አሉኝ።»

ታክሲ ስንጠብቅ የጠየቀችኝ ትዝ አለኝ። ታዲያ ጠየቅሽኝ አይደል ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አንዴ ጠየቅሁህ። ሁለተኛ ብጠይቅህ እሺ እንደምትለኝ አውቅ ነበር። እኔም ሥራውን ፈለግሁት። ስለዚህ አልጠየቅሁህም።»

ዓመት ሙሉ ስወነጅላቸው የኖርኩት ሴት ከባሕር ማዶ ሆነው ተረድተውኛል። አጠገቤ የተቀመጠችው ደግሞ ከእሳቸውም ይበልጥ ተረድታኛለች፤ የቋንቋ ችግር የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም። መቆጣት ነበረብኝ። የመጣብኝ ግን ያው ቅናት ነው። ፈለግሁት የሚለውን ቃል እኔ በሁለቱም ቋንቋዬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ተቀየምከኝ?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም አይደለም» አልኳት፣ ክፉኛ ተቀይሜ። ከዚያ ፊት ፊቷን እያየሁ ጠበቅሁ።

«እሺ» አለችና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ተማሪዎቿ መግባት ጀምረው ነበር።