ሰጎኗ ስታባርረኝ

ዛሬ ከሰጎን ሸሽቼ የገባሁበት በረት የአቦሸማኔ ሆኖ ተገኘ!

ሻንጣዬን አዝዬ ጅቡቲ ከመጣሁ ወዲህ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የእንስሳት መጠለያ በነፃ አግዛለሁ። ጠዋት ለሰጎኗ ጎመን ይዤላት ስሄድ አባረረችኝ። ያገኘሁትን በር ከፍቼ ገባሁና ከውስጥ ዘጋሁት።

ዞር ስል አቦሸማኔው ቆሞ ያየኛል። (ጎመኑ አሁንም እጄ ላይ ነው።)

«ጋሽ ዑመር፣ ይድረሱልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ጠባቂያችን ጋሽ ዑመር የድሬዳዋ ሰው ናቸው። እየሳቁ መጡ። «አቦ አትጩሂ! እሱም እሷን ነው የሚፈራው።»

እውነትም አቦሸማኔው ሰጎኗን በሽቦው በኩል ሲያያት መጥቶ ከኋላዬ ተሸሸገ።

ይሄኔ ሰጎኗ ወደ ጋሽ ዑመር ዞረች። ሳቃቸውን አቋርጠው ሮጡና እኛ ጋ ገብተው በሩን ዘጉት።

ሦስታችንም እስክትሄድልን ጠበቅን።

እናንተስ፣ ከማን ሸሽታችሁ ማን ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ?