ከጎባ የገዛሁት የጺም ብሩሽ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ታናሹ ልጄ ናትናኤል አገጩ ላይ ሦስት ቦታ ሶፍት ለጥፎ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጺሙ ገና እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ማለት መጀመሩ ነው፤ እሱ ግን በየሁለት ቀኑ ይላጫል። «በምን አርሰህ ነው የተላጨኸው?» አልኩት። «በውሃ» አለኝ። እናቱ ሳቀች። እኔ ጫማዬን አጠለቅኩና «ተነሥ፣ ብሩሽ ልንገዛ ነው» አልኩት።

የጺም ብሩሽ ወሬ ከተነሣ እኔን ዝም የሚያሰኝ የለም። ባጃጁ ከቤታችን እስከ ሮቤ ገበያ ሲያደርሰን ልጁ ስለ ጸጉሩ፣ ስለ እጀታው፣ ስለ አስተጣጠቡ ሲሰማ ሄደ። እስከዚያ ቀን ያልነገርኩት አንድ ታሪክ ብቻ ነበረኝ። ትንሽ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ሮቤ የመጣሁት በሃያ ዓመቴ ነው፤ አዲስ የተመደብኩ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆኜ፣ ከሰሜን ሸዋ። ያኔ ከዋናው መንገድ ትንሽ ወጣ ካሉ ወዲያው የስንዴና የገብስ ማሳ ይጀምር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሳነቴ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ክፍል የተከራየሁት ሐጂ ከድር ግቢ ውስጥ ነው። ሐጂ ሰባን ያለፉ፣ በጉልምስናቸው ከጊኒር እስከ ጎሮ ከብት ሲነግዱ የኖሩ፣ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው በየፊናቸው ሄደው ከባለቤታቸው ከአዴ ፋጡማ ጋር ብቻቸውን ቀርተዋል። ኪራይ የምከፍለው ለክፍሉ ነው፤ አዴ ፋጡማ ግን በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በሳህን ይዘው በሬን ያንኳኩ ነበር። አገሩ አዲስ፣ ቋንቋው አዲስ ሆኖብኝ ሳለ ያ ግቢ ባይኖር ኖሮ ዓመት ሳይሞላኝ ሻንጣዬን ይዤ እሄድ ነበር።

ችግሬ ፊቴ ነበር። በልብስ ሳሙና፣ በእጄ አረፋ እየቀባሁ ስለምላጭ አንገቴ በሙሉ ብጉር ወጣበት። ምሳ አብሮኝ የሚበላ ተስፋዬ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበር። አንድ ቀን አየኝና «ሰውዬ፣ ፊትህን ነው ወይስ ድንች ነው የምትልጠው? ብሩሽ ግዛ። የእውነት ጸጉር ያለውን ግዛ፤ ውሃ የሚይዘው እሱ ነው» አለኝ።

ያኔ ጥሩ ዕቃ የሚገኘው ጎረቤታችን ጎባ ከተማ ነበር። ከወልቂጤ ወገን የመጡ አንድ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ሁለት ዓይነት አወጡልኝ፤ አንዱ ናይሎን፣ ሌላው የእንስሳ ጸጉር፣ ቀይ የእንጨት እጀታ ያለው። ሰውየው ደግ ነበሩ፤ «ጀማሪ ነህ አይደል? ናይሎኑ ይበቃሃል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ቀላል ነው» አሉኝ። እኔ ግን አዋቂ ሆኛለሁ። ጸጉሩን መዳፌ ላይ ጫን አድርጌ ተመልሶ መቆሙን አየሁ። ሳብ ሳብ አድርጌ የሚነቀል እንዳለ ሞከርኩ። ሥሩ ላይ ያለውን ሙጫ በጥፍሬ ነካሁ። ይህን ሁሉ ስመረምር የምን እንስሳ ጸጉር እንደሆነ መጠየቅ አልታየኝም። የፈረስ አገር ስለሆነ የፈረስ ይሆናል ብዬ ደመደምኩና ገዛሁት።

ብሩሹ እርጥብ ሲሆን ይሸት ነበር። ተስፋዬ እንዳስተማረኝ ሦስት ቀን ሙሉ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ በሳሙና አረፋ ሞላሁት፣ አሳደርኩት፣ አለቀለቅኩት። የፈላ ውሃ አላስነካሁትም፤ ሙጫውን ይለቀዋል። ከዚያ ውሃውን ጨመቅ አድርጌ፣ አራግፌ፣ ጸጉሩን ቁልቁል አንጠለጠልኩት። በአራተኛው ቀን ሽታው ጠፋ፤ አረፋውም እንደ ትኩስ ወተት ኩፍ አለ።

ግቢው ውስጥ፣ አጥሩ ላይ መስታወት ሰቅዬ ፀሐይ እየሞቅኩ ስላጭ ሐጂ ያዩኛል። እሳቸው ሐሙስ ሐሙስ፣ ለጁምዓ እንዲደርስ፣ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው ይላጫሉ። ነገር ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ አርብ አርብ ከኮፍያቸው ሥር ቁስል አይጠፋም። አንድ ሐሙስ በርጩማቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያ ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለት ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ያን አረፋህን ለእኔም አምጣው እስቲ።»

ላጨኋቸው። ሞቅ ያለውን አረፋ አናታቸው ላይ ሳዞረው ዓይናቸውን ጨፍነው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ እኔም ደስ አለኝ። በማግስቱ ቁስል የሌለበት ራስ ይዘው መስጊድ ሄዱ፤ ሲመለሱም ዱዓ አደረጉልኝ። አራት ሐሙስ እንዲሁ አለፈ። በዚያ ግቢ ተከራይ መሆኔ ቀስ በቀስ ቀረ። አዴ ፋጡማ ከሐረና ጫካ የመጣ ማር ሲደርሳቸው መጀመሪያ የሚያቀምሱት እኔን ሆነ።

ከዚያ ተስፋዬ ብሩሼን ሊያይ ቤቴ መጣ። ጸጉሩን በጣቱ ፈልቀቅ አድርጎ አየ። አንድ ፍሬ ነቅሎ ወሰደና በነጋታው ትምህርት ቤታቸው ወዳለው ማይክሮስኮፕ ወሰደኝ። ከፈረስ ጅራት የተገኘ ጸጉርም አጠገቡ አስቀመጠልኝ። የፈረሱ እስከ ጫፉ አንድ ነው። የብሩሼ ግን ጫፉ ላይ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል።

«የአሳማ ነው» አለኝ። «አትናደድ፣ ርካሽ ብሩሽ ብዙው እንዲህ ነው።»

እኔም ብሆን አሳማ በማይነካበት ቤት ያደግኩ ነኝ፤ ፊቴ ኮሰኮሰኝ። ወዲያው ግን የሐጂ ራስ ታየኝ። አራት ሐሙስ። አራት ጁምዓ። በገዛ እጄ ራሳቸው ላይ ሳዞረው፣ እሳቸው ደግሞ ሲመርቁኝ።

ብሩሹን በጋዜጣ ጠቅልዬ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ለማንም እንደማልናገር ወሰንኩ። አያውቁም፣ አይጎዳቸውም አልኩ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። በሬን የሚያንኳካው የጩኮ ሳህን እንዳይቀርብኝ ነበር የፈራሁት።

ሐሙስ ደረሰ። ሐጂ በርጩማቸውን ይዘው መጡ።

«ብሩሹ የታለ?»

«ጸጉሩ ረገፈና ጣልኩት፣ ሐጂ» አልኩ።

«እሱ ይቅር፤ እጅህ አለ አይደል» አሉና አናታቸውን አዘንብለው ሰጡኝ። በእጄ አረፋ ቀብቼ መላጨት ጀመርኩ። ግማሽ ራሳቸውን ጨርሼ ማጅራታቸው ጋ ስደርስ ምላጩ ጣቶቼ መካከል ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሐጂ ሳይዞሩ ሳቁ። «ያ ባርሲሳ፣ የእኔ በሽታ ወደ አንተ ተላለፈ እንዴ?»

ምላጩን ሳፋው ውስጥ ጣልኩትና ነገርኳቸው። ከጎባ መግዛቴን፣ አለመጠየቄን፣ ተስፋዬ ያሳየኝን፣ ረገፈ ያልኩት ውሸት መሆኑን፣ ሁሉንም። አዴ ፋጡማ ከማድቤቱ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ሐጂ ዞር ብለው «ስትገዛው ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ወላሂ አላውቅም ነበር» አልኩ። እኔ ክርስቲያኑ ወላሂ ስል አዴ ፋጡማ እንኳ በዚያ ጭንቀት መሀል ፈገግ አሉ።

«ሻጩስ?»

«እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።»

ተነሡ። አፈር በጣሳ፣ ውሃ በማንቆርቆሪያ አስመጡ። በእምነታቸው ሥርዓት አሳማ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። «አንተ አፍስስ» አሉኝ። አፈሰስኩ። የተላጨው ግማሽና ያልተላጨው ግማሽ በጭቃ ተቀብቶ፣ ውሃው በግንባራቸው ሲወርድ፣ እኔ እቆጥራለሁ። ሳፋውን፣ ፎጣውን፣ ኮፍያቸውን እንዲሁ አጠብን። ሰባተኛው ካለቀ በኋላ ፊታቸውን ጠረጉና በርጩማው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ጨርሰው።»

«ምኑን ሐጂ?»

«ግማሽ ራስ ይዤ ጁምዓ ልሂድ እንዴ?»

አዲስ ምላጭ አወጣሁ። «የሰገዱትስ?» አልኩ። «አራቱ ሳምንት?»

«ያላወቅኩትን አላህ ይዞ አይጠይቀኝም፤ መሐሪ ነው» አሉ። ከዚያ ማጅራታቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው የተናገሩት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «እዚህ ጋ ያለውን እኔ አላየውም። የምታየው አንተ ነህ። ደብቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ከዛሬ በኋላ አንገቴን በምላጭህ ሥር አላጎነብስም ነበር። ነገርከኝ፤ በል ላጨኝ ኢልማኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በፊት ባርሲሳ እንጂ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። እንባዬ መጣ፤ ከኋላቸው ስለሆንኩ አላዩኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከዳለቻ ፈረሳቸው ጅራት ላይ አንድ እፍኝ ቆርጠው ሰጡኝ። በሳሙና ደጋግመን አጠብነው፣ አበጠርነው፣ በክር ጠፍረን ከወይራ እንጨት በተፈለፈለ እጀታ ውስጥ በሙጫ ተከልነው። እሳቸው እያዘዙ፣ እኔ እያሰርኩ። የመጀመሪያው ሁለት ቀን ሳይቆይ ተበተነ፤ አዴ ፋጡማ የመጥረጊያ ልጅ ብለው ስቀውበታል። ሁለተኛው ግን ተሳካ። ሐጂ እስኪያርፉ ድረስ፣ ስድስት ዓመት፣ በየሐሙሱ በእሱ ላጨኋቸው።

ይህን ሁሉ ለናትናኤል የነገርኩት ገበያው ውስጥ ቆመን ነው። ባለሱቋ ልጅ ሳትቀር ሥራዋን ትታ ሰማችን። በመጨረሻ የገዛንለት ናይሎን ነው። የዛሬው ናይሎን ለስላሳ ነው፣ ለጀማሪ ይበቃል፤ የጎባው ሰውዬ ያኔም ልክ ነበሩ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስለ ብሩሽ ሲያወራ ኖሮ የመጀመሪያው ሻጭ ያሉትን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ከሰዓት በኋላ ልጁ አዲሱን ብሩሽ መሞከር ፈለገ፤ የእሱ ፊት ደግሞ ማረፍ ነበረበት። «የእኔን ማጅራት ላጭ» አልኩት። ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ በርጩማ አወጣሁና ተቀመጥኩ። አረፋው ሞቅ ያለ ነበር። ምላጩ ቀስ እያለ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። እኔ ምንም አልተሰማኝም።

«አባዬ፣ ቆረጥኩህ» አለኝ። «ትንሽ ናት፤ አንተ አታያትም።»

«ቀጥል» አልኩትና አንገቴን ይበልጥ አጎነበስኩለት።