ገረሴ ላይ የተቆጠሩ አባቶች

ቁጭ በሉና ይቺን ስሙኝ። ቆማችሁም ብትሰሙ ግድ የለኝም፣ ብቻ ስሙ።

ዛሬ ጠዋት ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጄን አቁሜ ተራ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው። የውጭ ቁጥር አላነሳም፤ ሽልማት ደርሶሃል የሚሉ ሌቦች ናቸው። ይሄኛው ግን ሦስቴ ደጋገመብኝ። ልሳደብ አፌን ስከፍት፣ «ወንድሜ፣ ማጆክ ነኝ!» አለኝ በአማርኛ። ያ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፁ! ደቡብ ሱዳን፣ እሱ ራሱ ከሚሠራበት ጤና ጣቢያ ሆኖ ነው የሚደውለው። ታናሽ ወንድሙን እሱ የተማረበት ቦታ ሊልከው ነው። «ፎርሙ ግን ተቀይሯል?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋው ሳቄ አብሮ ተዘጋ።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአስረኛ ክፍል ትምህርት ትቼ፣ ወይም እሱ ትቶኝ፣ የሰው ባጃጅ እነዳ ነበር። ጥቅምት መግቢያ ነው። መስቀል አልፎ ከተማው ገና ሥጋ ሥጋ ይሸታል፤ ከደጋ የመጣው ሰው ሁሉ ከዘመድ ጋር ጠግቦ እየተመለሰ ነው። ከአዲስ አበባው አውቶቡስ አንድ ሰው ወረደ። ወረደ ስላችሁ ቶሎ አላለቀም። መጀመሪያ እግሩ ወረደ፣ ቆይቶ ወገቡ፣ ቆይቶ አንገቱ። ሾፌሮቹ ተንጫጩ። «ይሄን ለሁለት ከፍለን ነው የምንጭነው!» አለ አንዱ። እኔ ቀድሜ ሻንጣውን ያዝኩ። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ጆሮውን ነካ።

የእኔ እንግሊዝኛ ትታወቃለች፤ ፈረንጅ ሉካንዳ ለማሳየት የምትበቃ ናት። እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ ተግባባን። ትንሽ እንደሄድን ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ወደ ተራራው ጠቆመ።

«ማነው ይሄን ሁሉ እሳት ያነደደው?»

ዞሬ አየሁ። እሳት የለም። ጠዋት ጠዋት ከጋሞ ደጋ ላይ የሚንጠለጠለው ጭጋግ ነው። «ደመና ነው» አልኩት።

«ደመና ሰማይ ላይ አይደል የሚኖረው?»

«እዚህ አገር ወርዶ ያድራል።»

ባጃጁን አስቆመኝ። ወርዶ መንገድ ዳር ቆመ። ለካ ሰውዬው በሕይወቱ ተራራ አይቶ አያውቅም። አገሩ ሜዳ ነው፣ ውሃ ሲሞላ ውሃ፣ ሲደርቅ ሣር። «እዚያ ላይ ሰው ይኖራል?» አለኝ። የእናቴ ዘመዶች እንደሚኖሩ ነገርኩት። «አይወድቁም?» ቀልዱን መስሎኝ ነበር፣ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም ቀና ብዬ አየሁት። ከተወለድኩ ጀምሮ ከጀርባዬ ቆሞ የኖረውን ተራራ ያን ቀን ነው ያየሁት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አረንጓዴው፣ ግዝፈቱ፣ ነጩ ነገር በስንጥቁ ሲገባ ሲወጣ። ሂሳቡን መጠየቅ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ጓደኛ ሆንን። አባያ ዳር ወሰድኩት፤ አሳ አጥማጆቹ መረብ ሲጎትቱ ሲያይ ጫማውን አውልቆ ገብቶ አብሮ ጎተተ። መረብ አያያዙን አይተው ትልቁን አሳ ለሱ ሰጡት። ኩርኩፋ አበላሁት፤ የበቆሎ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር ነው። አንዷን አንስቶ አገላብጦ አየና፣ «እናቴ ይሄን እንዴት አወቀች?» አለ። ሁሉም ነገር ይገርመዋል። በሱ ግርምት እኔም መገረም ጀመርኩ፤ ማንጎውም፣ አቧራውም፣ የሁለቱ ሐይቆች ቀለም አለመመሳሰሉም።

አንድ ነገር ብቻ አስመርሮታል። ምዝገባ።

የት እንደሆነ ስሙን አልጠራም። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ፎቅ ተከራይቶ «ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» የሚል ሰሌዳ የለጠፈ የግል ትምህርት ቤት ነው። ማጆክ ጤና ሊማር ነው የመጣው። ሰፈሩ ሐኪም የለውም። የታመመ ሰው በቃሬዛ ሁለት ቀን ነው የሚሄደው፣ እናቱ መንገድ ላይ ነው የሞተችው። አገር ምድሩ ተሰብስቦ፣ አንተ ሂድና ተምረህ ና ብሎ ነው የላከው። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ «ነገ ና» ሲሉት ከረሙ። አንድ ማክሰኞ ግን ከበሩ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፣ ያንተ ወረቀት ግን የሰው ነው ብለውታል።

ንዴቴን ታውቁታላችሁ። እጁን ይዤ ተመልሼ ገባሁ። መዝጋቢው የኛው አገር ልጅ ነው፤ እናቱ እዚያ ደጋ፣ የገረሴ ሴት ናት፣ አውቃታለሁ።

«ምንድነው ጥፋቱ?» አልኩት።

«አንተ ማነህ?»

«ሾፌሩ ነኝ።»

«እሺ ሾፌሩ፣ አንብብ።» ሁለት ወረቀት አስቀመጠልኝ። ፓስፖርቱ ላይ ማጆክ ዴንግ አጃክ ይላል። የትምህርት ማስረጃው ላይ ግን ጆን ማጆክ። «ፓስፖርቱ እንደሚለው ይሄ ሰውዬ ማጆክ ነው። ማስረጃው ደግሞ ጆን የሚባል፣ የማጆክ ልጅ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ጓደኛህ የልጁን ማስረጃ ይዞ ሊማር መጥቷል።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። ማጆክ ልጅ የለውም፤ ሚስትም የለውም። ነገሩ ቀላል ነበር፦ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲገባ ቄሱ ጆን ብለው አጠመቁት፣ ከዚያ ከፊት ጆን፣ ከኋላ የራሱን ስም ጻፉበት። የኛ ሰው ግን ሁለተኛ ስም ሲያይ አባት ነው የሚያየው። ፎርሙ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ በቃ፣ ዓለም በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው መስሎናል። ከኤምባሲ ደብዳቤ ያምጣ አሉ። ያ ወር ይፈጃል።

«ሌላ መንገድ የለም?» አልኩ።

መዝጋቢው ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «አለ እንጂ። አባቱ ማን እንደሆነ የሚመሰክር አንድ ሽማግሌ ይምጣ።»

ሊቀልድብን ነው። ሰው ከስንት አገር ርቆ መጥቶ እዚህ ማን ያውቀዋል? እኔ ግን ቀልድ የማልችልበት ቀን ነበር። «ሽማግሌ ነው ያልከው? አመጣልሃለሁ። ቃልህን እንዳትበላ!» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ በአይሱዙ ላይ ተጭነን ወደ ገረሴ ወጣን፣ ከጎመን ዘርና ከሁለት በግ ጋር። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል፣ ሙዙ ያልቅና እንሰቱ ይጀምራል፣ ከዚያ ቀርከሃው። ብርዱ መጣ። ማጆክ የመኪናውን ብረት ጨብጦ ነው የሄደው። ጭጋጉ ውስጥ ስንገባ እጁን ዘርግቶ ሊጨብጠው ሞከረ፣ ከፈተና ባዶ እጁን አየ። ከጎኑ የነበረች አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በጋሞኛ፣ «ይሄ ልጅ ከየት ነው? እግዜር ሲፈጥረው ማቆሚያው ጠፋበት?» አለች። ተረጎምኩለት። በጣም ሳቀ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት።

አባባ አንጁሎ የእናቴ አጎት ናቸው። ሽማግሌ ስላችሁ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚያስታርቁ፣ ነፍስ ባጠፋ ሰውና በሟች ቤተሰብ መካከል የሚቆሙ ሰው ናቸው። ኮቾ በዳጣ ቀረበልን። ማጆክን ዳጣው አቃጥሎት እያለቀሰ በላ። ከበላን በኋላ ነገሩን አስረዳኋቸው። ሰሙኝና፣ «እኔ አላውቀውም። የማላውቀውን አልመሰክርም» አሉ።

ልውረድ ብዬ ብድግ አልኩ።

«ዱቡሻ ላይ ይቁምና ይናገር። ከዚያ በኋላ አውቀዋለሁ» አሉ።

ዱቡሻ ማለት ሰው የሚዳኝበት፣ የሚታረቅበት ሜዳ ነው። ትልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ድንጋዮች፣ በቃ ይኸው ነው። ግን እዚያ የዋሸ ሰው ጎሜ ይይዘዋል። ጎሜ ጥፋትህ ልጅህንም ከብትህንም ተከትሎ የሚመጣ ነገር ነው። እኔ በየቀኑ ለትራፊክ የምዋሸው ሰውዬ፣ እዚያ ሜዳ ላይ የማለዳ ቁርሴን እንኳ አላጋንንም። ይሄን ለማጆክ ነገርኩት። ዋሽተህ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፣ እንውረድ አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ማንም አውልቅ አላለውም።

አምስት ሽማግሌዎች ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። በባዶ እግሩ እርጥቡ ሣር ላይ ቆመ።

«ማነህ?» አሉት አባባ አንጁሎ። ተረጎምኩ።

ማጆክ ዓይኑን ጨፈነ። በራሱ ቋንቋ ጀመረ። ማጆክ የዴንግ፣ ዴንግ የአጃክ፣ አጃክ የኩዎል። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ወጣ። ንግግር ነው እንዳልል ዜማ አለው፣ ዘፈን እንዳልል ይከብዳል። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ። አስራ አራት አባት። ጭጋጉ ከዛፉ በላይ ቆሟል። ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

ወሬ ጀመሩ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ። ብዙ ከቆዩ በኋላ አባባ አንጁሎ በድንገት ዞረው፣ «የሰባተኛው አባትህ አባት ማነው?» አሉት። ሳያመነታ መለሰ። «የማን ልጅ ነው?» መለሰ። ሦስቴ እንዲህ አደረጉት፣ ሦስቴም አልተሳሳተም።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተስ?»

«ምን እኔ?»

«ቁጠር።»

ሦስት ላይ ቆምኩ። ሦስት! ፎርሙ የሚጠይቀውን ያህል ብቻ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ አንጁሎ ግን አልሳቁብኝም። «ዓርብ በጠዋት እወርዳለሁ» አሉ።

ዓርብ ወረዱ። ቡሉኳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ያን ቢሮ ገቡ። መዝጋቢው ሲያያቸው ብድግ አለ።

«አባባ! በሰላም ነው?»

«ሽማግሌ አምጡ ብለሃል አሉ። መጣሁ። ይሄ ልጅ የዴንግ ልጅ ማጆክ ነው። በዱቡሻ ሰምቼዋለሁ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ... ጆን የሚለው ነው ችግሩ።»

«አንተ የክርስትና ስምህ ማነው?»

መዝጋቢው ጸሐፊዋን አየ። «ገብረ ጊዮርጊስ።»

«እናትህ በዚያ ትጠራሃለች?»

«አትጠራኝም።»

«ቄሱ እሱን ወረቀት ላይ ቢጽፉት የራስህ ልጅ ትሆናለህ?»

ጸሐፊዋ ሳቋን ልትደብቅ ጎንበስ አለች። መዝጋቢው ላብ ላብ አለው። «አባባ ልክ ነዎት፣ ሲስተሙ ግን አይቀበልም» አለ።

ሽማግሌው አልተከራከሩም። እጃቸውን ከቡሉኮው ሥር አወጡ። እርጥብ ሣር ጨብጠዋል፣ ከገረሴ የታጨደ፣ ጠል አለው። በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ዘረጉትና ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

እኛ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ አይባልም። ሊገድል የተነሳ ሰው እንኳ ይቆማል። መዝጋቢው ጠረጴዛውን ዘሎ ነው የወጣው ብላችሁ ይቀላል። «ኧረ አባባ! ኧረ በእናቴ! ጉልበትዎ መሬት እንዳይነካ!» ብሎ ብብታቸውን ደገፈ። ቁጭ አለና በእጁ ጻፈ፦ ጆን የክርስትና ስም ነው፣ የኤምባሲው ደብዳቤ በኋላ ይያያዛል። ማኅተሙን አሳረፈበት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ደቂቃ!

ማጆክ ምን እንደተደረገ አልገባውም ነበር። ውጭ ወጥተን ስነግረው መንገድ ዳር ቁጭ አለና ያንን ረጅም አንገቱን ደፋ። «ለኔ? ሳያውቁኝ?» አለ። አባባ አንጁሎ በጋሞኛ፣ «ቆጥሮልኝ የለ እንዴ?» አሉና ምሳ የት እንደሚበላ ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔም እናቴንና አጎቶቼን እያስቸገርኩ ቆጠርኩ። አሁን ዘጠኝ ደርሻለሁ።

ዛሬ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በቀጥታ እዚያ ቢሮ ሄድኩ። ሌላ መዝጋቢ ተቀምጧል፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ነው። ፎርሙን አሳየኝ አልኩት። ያው ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሁለት ስም ይዞ የሚመጣ የውጭ ልጅስ አልኩት። «ሲስተሙ ነው ወንድም» አለኝ፣ ቀናም አላለ። የማጆክ ታናሽ ወንድምም እዚያው ሚሲዮን ነው የተማረው። እሱንም አጥምቀውታል።

አባባ አንጁሎ ባለፈው ሐምሌ አረፉ። ለማጆክ እስካሁን አልነገርኩትም፤ ጠዋት «አባባ እንዴት ናቸው?» ሲለኝ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፣ አይሰማኝም ብዬ ዋሸሁት።

እናንተ ፎርሙን አውጥታችሁ ከማኅተሙ ኋላ የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ እናንተን ነው የምጠይቀው፦ አንድ መስመር ለመጨመር የማንን ጉልበት ነው የምትጠብቁት?