ፀሐይ የያዝኩበት መስታወት

በጣልያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ ጣልያናዊ ሐኪም እሠራ ነበር። የደም መመርመሪያው ማይክሮስኮፕ የራሱ መብራት ስላልነበረው፣ መስኮቱ ዘንድ ቆሜ የፀሐይዋን ብርሃን በመስታወት የማንጸባርቅለት እኔ ነበርኩ።

አንድ ጧት ንዳድ ይዟቸው የመጡ የአንድ ቄስ ደም ስንመረምር፣ አንድ መኮንን በሩን በርግዶ ገባና ሽጉጡን ማጅራቴ ላይ ደቀነ።

«ተራራው ላይ ላሉት ሽፍቶች በመስታወት ምልክት የምትሰጠው አንተ ነህ?» አለኝ በሰባራ አማርኛ።

ሐኪሙ መኮንኑን ጎትቶ በማይክሮስኮፑ እንዲያይ አደረገው፤ እኔም በመስታወቱ አበራሁለት። አይቶ አይቶ፣ እየተነጫነጨ ወጣ።

ሐኪሙ ሊሸኘው ሲከተለው ቄሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አንተ ስታበራ እኛ አርበኞቹ ‹መንገዱ ሰላም ነው› እያልን ስንወርድ ከረምን። ግን ምነው ደመና በሆነ ቁጥር ዋሻ ውስጥ ታውለናለህ?»